እንስሳው ለምን መጣ? «የጎልፍ ሜዳን ከአውሬ ማጽዳት» ለተሰኘው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «የጎልፍ ሜዳን ከአውሬ ማጽዳት» በሚል ርእስ የቀረበ ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው የሜዳ አስተዳዳሪዎችን ለመርዳት አስበው እንደጻፉት ከመነሻው ይታያል። አጻጻፋቸው ግልጽ ነው፤ ምክራቸውም ለመከተል ቀላል ነው። ያሳሰበኝም ይኸው ቀላልነቱ ነው። ዛሬ ያነበበው ሰው ነገ ጠዋት መርዝ ገዝቶ ሜዳው ላይ ሊበትን ይችላል። እኔ ሣር በመንከባከብ ሥራ ብዙ ዓመታት ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ጸሐፊው ከሚመክሩት አብዛኛውን በእጄ ሞክሬዋለሁ፤ የሚያስከትለውንም አይቻለሁ። ስለዚህ አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጽሑፉን ያላነበበ ሰው እንዲከተለኝ ፍሬ ነገሩን በአጭሩ ላስቀምጥ። ጸሐፊው ሜዳ የሚቆፍሩ፣ ሣር የሚግጡና በኩሳቸው የሚያቆሽሹ እንስሳት ሁሉ ወራሪዎች ናቸው ብለው ይነሳሉ። ከዚያ መፍትሔ ያሏቸውን ይደረድራሉ፦ ቆፋሪዎችን በመርዝ መጨረስ፤ መግደል ያልፈለገ ሰው በወጥመድ ይዞ ራቅ ካለ ቦታ መልቀቅ፤ ወፎችንና አይጦችን የሰው ጆሮ በማይሰማው ድምፅ ማባረር፤ የኩሬን ዳር እስከ ውሃው ጠርዝ ማጨድ፤ የዝይ ጎጆ በተገኘ ቁጥር እንቁላሉን መስበር። በመጨረሻም ከዱር እንስሳት ጋር ተቻችሎ መኖር ይቻላል የሚሉትን ሰዎች ሜዳ የማስተዳደር ኃላፊነት የሌለባቸው ምኞተኞች ናቸው ይላሉ።

በአንድ ነገር ከጸሐፊው ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ ጉዳቱ እውነተኛ ነው። ማታ ተስተካክሎ የተተወን ሜዳ ሲነጋ እንደታረሰ ማሳ ሆኖ ማግኘት ምን ስሜት እንዳለው አውቀዋለሁ። የዱር አሳማ መንጋ በአንድ ሌሊት የገለበጠውን ሣር በሳምንት መልሶ መትከል አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካዋ አሪዞና ግዛት ሴዶና ውስጥ በሚገኝ የጎልፍ ሜዳ ላይ ጃቬሊና የሚባሉ አሳማ መሰል እንስሳት ያደረሱት ጥፋት በተንቀሳቃሽ ምስል ዓለምን አዳርሶ ነበር። ብዙ ሰው በምስሉ ተገርሟል። እኔ ግን ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ያን ሣር የሚንከባከበውን ሠራተኛ እያሰብኩ አዘንኩ። ስለዚህ እንስሳት ምንም አያበላሹም የሚል ክርክር የለኝም። ጸሐፊውን የምሞግታቸው «እንዴት ላጥፋው?» ብለው ሲነሱ፣ መቅደም የነበረበትን «ለምን መጣ?» የሚለውን ጥያቄ ስለዘለሉት ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። የዘለሉት ጥያቄ ምክራቸውን አንድ በአንድ አበላሽቶባቸዋል።

ከቆፋሪዎቹ ልጀምር። ጸሐፊው ሜዳ የቆፈረ እንስሳ ሁሉ ሣሩን ሊበላ ወይም ጎሬ ሊሠራ የመጣ አድርገው ያቀርቡታል። አብዛኛውን ጊዜ ግን እንስሳው ስለ ሣሩ ግድ የለውም። የሚፈልገው ከሣሩ ሥር ያለውን የጢንዚዛ እጭና የመሬት ትል ነው። የጢንዚዛ እጭ ነጭ፣ ወፍራም፣ እንደ ግማሽ ጨረቃ የተጣጠፈ፣ ቡናማ ራስ ያለው ፍጥረት ነው። አፈር ውስጥ ሆኖ የሣሩን ሥር እየበላ ያድጋል፤ ሣሩም ከላይ አረንጓዴ ሆኖ ከታች ባዶ ይቀራል።

አንድ ጠዋት የአንድ ፌርዌይ (ኳስ ከመነሻው ወደ ቀዳዳው የሚመታበት የታጨደ ሜዳ) ጠርዝ ቁራጭ በቁራጭ ተገልብጦ አገኘነው። የሥራ ባልደረቦቼ ወጥመድ እንፈልግ ሲሉ፣ እኔ እንስሳው ያልነካውን ሣር ጫፉን ይዤ ሳብ አደረግሁት። ከወለል ላይ እንደሚነሳ ምንጣፍ ያለ ምንም ትግል ተነሳ። ሥር አልነበረውም። ከስሩ ባለው አፈር ላይ እጮቹ ከብርሃኑ ሲሸሹ ታዩኝ፤ ሁለት መዳፍ በምታህል ቦታ ላይ አሥራ አራት ቆጠርኩ። ያ ሣር እንስሳው ባይደርስበትም ብዙ ሳይቆይ ይደርቅ ነበር። ጥፋተኛ ያልነው ፍጥረት እኛ ያላየነውን በሽታ ቀድሞ ያገኘ ነበር። ወጥመዱን አጥምደን ብንይዘው ኖሮ በማግሥቱ ሌላ ይመጣ ነበር፤ ምግቡ እዚያው ነውና።

አቆፋፈሩ ራሱ ብዙ ይናገራል። ስካንክ የሚባለው መጥፎ ጠረን የሚረጭ የአሜሪካ እንስሳ አፍንጫውን አስገብቶ ጣት የሚያስገቡ ትናንሽ ጉድጓዶችን እዚህም እዚያም ይተዋል። ራኩን የሚባለው፣ ዓይኑ ዙሪያ ጥቁር ጭንብል ያጠለቀ የሚመስለው የአሜሪካ እንስሳ በፊት እግሮቹ ሣሩን ይዞ ይጠቀልለዋል። ቁራ በምንቃሩ ሣሩን ቁንጥር ቁንጥር አድርጎ ይነቅላል። የዱር አሳማ በሰፊው ያርሳል። ሁሉም የሚፈልጉት ግን ተመሳሳይ ነገር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ስለታም ቢላዋ ነው። ሠላሳ በሠላሳ ሳንቲ ሜትር ያህል ቦታ በሦስት ጎኑ ቆርጦ፣ እንደ መጽሐፍ ሽፋን ገልጦ፣ እጮቹን መቁጠር፤ ይህንንም ሜዳው ላይ በተለያዩ ቦታዎች መደጋገም። በእንዲህ ያለ ቦታ ከአምስት እስከ አሥር እጭ መገኘቱ እንደ ጢንዚዛው ዓይነት እርምጃ የሚጠይቅ መጠን ተደርጎ ይወሰዳል። ከዚያ በታች ከሆነ ጤናማ ሥር ያለው ሣር ይቋቋመዋል። ቆጥሮ የሚያውቅ ሰው ሜዳውን በሙሉ መድኃኒት አይረጭም፤ የተጎዳውን ክፍል ብቻ ለይቶ ያክማል።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። እጩ ገና እንደተፈለፈለ ትንሽና ለሣሩ ሥር ቅርብ ስለሚሆን ለማጥፋት ይቀላል። ካደገና በብርድ ወቅት ወደ ታች ከጠለቀ በኋላ የሚደረገው ሁሉ ድካም ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል። ኔማቶድ የሚባሉ፣ በዓይን የማይታዩ፣ እጩ ውስጥ ገብተው የሚገድሉ ጥቃቅን ትሎች አሉ። አፈሩ ሞቅ ያለና እርጥብ ሲሆን፣ ፀሐይ እንዳትገድላቸው አመሻሽ ላይ ከተረጩ ጥሩ ይሠራሉ። በጠራራ ፀሐይ በደረቅ አፈር ላይ የረጫቸው ሰው ግን አይሠሩም ብሎ ያማርራል፤ እንዲህ ያለ ቅሬታ ብዙ ሰምቻለሁ። ሌላው ጸሐፊው ያላነሱት ነገር ውሃ ነው። የጢንዚዛ እንቁላል ለመፈልፈል እርጥበት ይፈልጋል። ዙሪያው በደረቀበት ወቅት አብዝተን የምናጠጣው ሜዳ እንቁላል ለምትጥል ጢንዚዛ የተዘጋጀ ቦታ ነው። ጢንዚዛዎቹ በሚጥሉባቸው ሳምንታት ፌርዌዩን ሣሩ እስከሚችለው ድረስ አድርቆ መያዝ ብቻ ብዙ ለውጥ ያመጣል።

ወደ ፍልፈል ስንመጣ ጸሐፊው የሠሩት ስሕተት የአንባቢን ገንዘብ በከንቱ የሚያስወጣ ነው። ፍልፈል በምንለው አንድ ስም ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ እንስሳትን እንጠራለን። አንዱ ከአይጥ ወገን ነው፤ ሥርና ተክል ይበላል። ሌላው በአውሮፓ፣ በእስያና በሰሜን አሜሪካ ሜዳዎች አፈር እየከመረ የሚያስቸግረው ነው፤ ይህ ከአይጥ ጋር ዝምድና የለውም፤ የሚበላው በአብዛኛው የመሬት ትል ነው። ጸሐፊው ለሁለቱም አንድ መፍትሔ ሰጥተዋል፤ በመርዝ የተለወሰ እህል ጉድጓዱ ውስጥ መጨመር። ትል በላው ፍልፈል እህል አይበላም። እህሉ እዚያው ተቀምጦ የሚጠብቀው ሌላ እንስሳ ነው። ከዚህም በላይ እጭ ከጠፋ ፍልፈሉ ይሄዳል የሚለው የተለመደ አባባልም እምብዛም አይሠራም፤ ዋነኛ ምግቡ የመሬት ትል ነውና እጩ ቢያልቅም ይቆያል። ለትል በላው ፍልፈል የሚሠራው መንገዱን አውቆ የሚያጠምድ የሠለጠነ ሰው ነው። ግሪኑ (ቀዳዳው ያለበት፣ ሣሩ እጅግ አጭር የሆነው ቦታ) ላይ ደግሞ የታጨደውን ሣር ሰብስቦ ማንሳትና በየጊዜው አሸዋ መነስነስ ትሉን ከላይኛው አፈር ያርቀዋል። ይህ አድካሚ ሥራ ነው፤ ሆኖም ግሪንን ጠፍጣፋና ደረቅ ለማድረግ ብለን ድሮውንም የምንሠራው ሥራ ነው።

አሁን ስለ መርዝ። ጸሐፊው መርዝ ርካሽ፣ ፈጣንና እርግጠኛ ነው ይላሉ። ከሦስቱ አንዱም ልክ አይደለም።

ለአይጥ ወገኖች በብዛት የሚሸጡት መርዞች ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ ናቸው። የበላው እንስሳ ወዲያው አይሞትም፤ ለቀናት ይቆያል። በእነዚያ ቀናት እየደከመ፣ መሸሸጊያውን እየተወ፣ በጠራራ ፀሐይ ሜዳ ላይ እየተንገዳገደ ይሄዳል። ለጭልፊት፣ ለጉጉትና ለቀበሮ ከዚህ የቀለለ አደን የለም። እንደ ብሮዲፋኮም ያሉት ጠንካሮቹ መርዞች ጉበት ውስጥ ለወራት ይቆያሉ፤ ስለዚህ አዳኙ በበላ ቁጥር በራሱ ጉበት ውስጥ ይጠራቀማል። የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የእነዚህን ጠንካራ መርዞች አብዛኛውን አጠቃቀም የከለከለችው በዚህ ምክንያት ነው።

በሥራዬ የመጀመሪያ ዓመታት እኔም ይህን መርዝ አስቀምጫለሁ። እንዲህ ያለው መርዝ ከሚቀመጥበት የተዘጋ ሣጥን ውስጥ ሳላደርገው፣ ጸሐፊው እንደሚመክሩት በጎሬዎቹ አፍ ላይ በተንኩት። ከሳምንት በኋላ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር አንዲት ጉጉት ወድቃ አገኘሁ። አንድ ክንፏ በከፊል ተዘርግቷል፤ ዓይኖቿ በስሱ ተከድነዋል፤ ከምንቃሯ ጫፍ ቀጭን ደም ወርዶ ደርቋል። ሌላ ቁስል አልነበራትም። ሳነሳት የቀለለችኝ መቅለል እስከ ዛሬ እጄ ላይ አለ። በምን እንደሞተች የመረመረ ሐኪም አልነበረም፤ እኔ ግን መርዙን የት እንደበተንኩ አውቅ ነበር። ፊቷ ልብ የሚመስለው ነጭ የጎተራ ጉጉት ከጥንዷ ጋር ጫጩት የምታሳድግ ከሆነ ቤተሰቡ በአንድ ዓመት ከሺህ በላይ አይጥና አይጥ መሰል እንስሳ ይበላል። ጉጉት ብቻዋን አይጥን ከሜዳ ታጠፋለች አልልም፤ አታጠፋም። ነገር ግን አይጥ ለመቀነስ ብሎ አይጥ አዳኝን መግደል ጉዳቱ እጥፍ ነው። አይጦቹ በጥቂት ወራት ይራባሉ፤ ጉጉቷ ግን የምትተካው በዓመታት ነው። በቀጣዩ ወቅት አይጦቹ ከበፊቱ በዝተው ነበር።

ይህ የእኔ ብቻ ታሪክ አይደለም። ዲያዚኖን የተባለው ፀረ ተባይ መድኃኒት በአሜሪካ የጎልፍ ሜዳዎች ላይ ለእጭ ይረጭ ነበር። የተረጨበትን ሣር የጋጡ ዝዮችና ሌሎች የውሃ ወፎች በመንጋ ሞተው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ1988 የሀገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት መድኃኒቱ በጎልፍ ሜዳዎችና ሣር በሚመረትባቸው እርሻዎች ላይ እንዳይውል ወሰነ። ልብ በሉ፤ መድኃኒቱ የታለመው ለነፍሳት ነበር፤ የሞቱት ወፎች ናቸው። ጸሐፊው ይህን ታሪክ ሳያነሱ ስለ መርዝ እርግጠኛነት መጻፋቸው ያሳዝናል።

መግደል ያልፈለገ ይዞ በሩቅ ይልቀቅ የሚለው ምክር ከርኅራኄ የመነጨ ስለሚመስል ለመቃወም ይከብዳል። ብዙ ደግ ሰዎችም ያደርጉታል። ነገር ግን የተለቀቀው እንስሳ የሚደርስበትን አናይም። ውሃው የት እንዳለ፣ መደበቂያው የት እንዳለ አያውቅም፤ ቦታውም የሌሎች ነው። ብዙዎቹ በመንገድ ላይ ወይም በረሃብ ይሞታሉ፤ እንደ ዝይ ያሉት ደግሞ ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ። ከሁሉ የሚያስፈራው በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለአደን ተብለው ከአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ወደ ሰሜን የተጓጓዙ ራኩኖች የእብድ ውሻ በሽታን ይዘው ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1977 ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ የታየው በሽታ የምሥራቁን ጠረፍ ተከትሎ ተስፋፋ፤ በመጨረሻም ካናዳ ደረሰ። በብዙ አገሮች ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ይዞ ማጓጓዝ በሕግ የተከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ጸሐፊው ፈቃድ የሚለውን ቃል በጽሑፋቸው አንድ ጊዜ እንኳ አልጠቀሱም።

በማይሰማ ድምፅ ወፍ ስለማባረር ብዙ አልደክምም። መሣሪያዎቹ የሚያወጡት ድምፅ ከ20 ሺህ ኸርዝ በላይ ነው፤ ሰው የማይሰማውም ለዚህ ነው። የአብዛኞቹ ወፎች ጆሮ ግን 10 ሺህ ኸርዝ እንኳ በቅጡ አይሰማም። ይህ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን ለሚያመርቱና ለሚሸጡ ከ60 በላይ ድርጅቶች፣ የሚናገሩት ሁሉ በሳይንሳዊ ማስረጃ መደገፍ እንዳለበት የሚያስጠነቅቅ ደብዳቤ ልኳል። ለወፍ የሚሰማው የመድፍ ድምፅም ቢሆን በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓትና ቦታ ከተተኮሰ ወፎቹ በጥቂት ቀናት ይለምዱታል።

የኩሬ ዳርን እስከ ውሃው ጠርዝ አጭዱ የሚለው ምክር ግን ዝርዝር መልስ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ጸሐፊው በአንድ አንቀጽ የጋበዙትን እንግዳ በቀጣዩ አንቀጽ ያባርራሉ። ኩሬው ዙሪያ ያለው ረጅም ሣር እባብ ይደብቃል፤ ስለዚህ ይታጨድ ይላሉ። ወረድ ብለው ደግሞ ዝይ በዝቷል ብለው ያማርራሉ። ዝይ ከምድር ላይ ከሁሉ የሚወደውን ቦታ እንዲሠራ አንድ ሰው ቢታዘዝ የሚሠራው የጸሐፊውን ኩሬ ነው።

ዝይ ማለት ሣር ጋጭ ወፍ ነው። ማዳበሪያ ያገኘና አጭር የታጨደ ሣር ለጋና ለመፈጨት የቀለለ ስለሆነ ይመርጠዋል። ከዚያም በላይ ዝይ ጠላቱን በዓይኑ ነው የሚጠብቀው፤ ከውሃው ወጥቶ ሲግጥ ዙሪያውን ማየት፣ አንድ ነገር ሲመጣ ደግሞ በጥቂት እርምጃ ውሃው ውስጥ መግባት ይፈልጋል። በበጋው ለአንድ ወር ያህል የክንፉን ላባ ስለሚቀይር መብረር አይችልም፤ ጫጩቶቹም በዚያው ሰሞን አይበሩም። በዚያ ወር የሚመርጠው ቦታ ከውሃ ወደ ሣር በእግር የሚወጣበት፣ ምንም የማይከልለው ዳርቻ ነው። ይህን ዳርቻ ማሳጣት ትልቁ መሣሪያችን ነው። በኩሬው ዙሪያ ስፋቱ ከስድስት ሜትር የማያንስ፣ ቁመቱ ከጉልበት በላይ የሆነ ጥቅጥቅ ያለ ሣርና ቁጥቋጦ እንዲያድግ ሲፈቀድ፣ ዝዩ ከውሃው ሲወጣ የሚጠብቀውን አያይም፤ ያላየውን ደግሞ አያምንም። ለተጫዋቹ እይታ ሲባል አንዳንድ ቦታ ዝቅ ማድረግ ካስፈለገ ክፍተቱ ቀጥ ያለ ሳይሆን ጠመዝማዛ ይሁን።

ይኸው የሣር ቀበቶ ከሜዳው በዝናብ የሚታጠበውን ማዳበሪያ ወደ ኩሬው ሳይገባ ይይዛል። ኩሬ በየበጋው አረንጓዴ አረፋ የሚያወጣበት አስተዳዳሪ ይህን ሲሰማ ቢደሰት ይገባዋል። ስለ እባቡ የጸሐፊው ስጋት መሠረት የለውም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ሰው በሚረግጥበት መንገድ ዳር ሣሩን አሳጥሮ ምልክት መትከል ሲቻል የኩሬውን ዙሪያ በሙሉ መላጨት ምን ይባላል?

በእንቁላሉ ጉዳይ ጸሐፊው ግማሽ መንገድ ሄደዋል። የዝይን ቁጥር በእንቁላሉ ደረጃ መያዝ ትክክል ነው። ዝይ ከሃያ ዓመት በላይ መኖር ይችላል፤ ሴቷም ልትጥል የምትመለሰው ወደተፈለፈለችበት አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ዘንድሮ ችላ የተባለ አንድ ጎጆ የብዙ ዓመታት ጎረቤት ይሆናል። እንቁላሉን መስበር ግን አይጠቅምም። እንቁላሏ የጠፋባት ዝይ ጊዜ ካላት ሌላ ትጥላለች። የሚሠራው ዘዴ እንቁላሉን በበቆሎ ዘይት ቀብቶ መመለስ ነው። ዘይቱ በዓይን የማይታዩትን የቅርፊቱን ቀዳዳዎች ይደፍናል፤ እንቁላሉ ማደጉን ያቆማል፤ እናቲቱ ግን ምንም ሳታውቅ መታቀፏን ትቀጥላለች፤ ሌላ የምትጥልበት ጊዜም ያልፋል። ይህ መደረግ ያለበት ከ28ቱ የመታቀፊያ ቀናት በመጀመሪያዎቹ 14 ውስጥ ነው፤ እንቁላሉ ውሃ ውስጥ ሲገባ ከተንሳፈፈ ጊዜው አልፏልና ይተው። ከዚያ በኋላ ውስጡ ያለው ጫጩት ነው። ለካናዳ ዝይ በአሜሪካ ይህን ማድረግ የሚቻለው ከመንግሥት ዘንድ ተመዝግቦ ነው፤ ወፉ እ.ኤ.አ. ከ1918 ጀምሮ ከአገር አገር ለሚፈልሱ ወፎች በወጣ ሕግ የተጠበቀ ነውና። ሌላ አገር ያለ አንባቢም የራሱን አገር ሕግ ሳይጠይቅ ጎጆ አይንካ። እረኛ ውሻ አሠልጥኖ ማሰማራትም ይሠራል፤ ዝይ ውሻን እንደ መድፍ ድምፅ አይለምደውም፤ ሆኖም መብረር በማይችሉበት ወርና ጎጆ ላይ በተቀመጡበት ወቅት ውሻ መልቀቅ ጭካኔ ነው።

ጸሐፊው ፈጽሞ ያልነኩት አንድ ጉዳይ አለ፤ እሱም ቆሻሻ ነው። ጦጣና ዝንጀሮ፣ ራኩንና ቁራ የሚሰባሰቡበትን ሜዳ ስዞር መጀመሪያ የማየው የቆሻሻ ማጠራቀሚያውን ክዳን ነው። ክዳን የሌለው፣ ወይም ጦጣ በአንድ እጁ የሚከፍተው ማጠራቀሚያ ካለ፣ ወይም ተጫዋቾች ከእጃቸው የሚመግቡ ከሆነ ሌላ ምክንያት መፈለግ አያስፈልግም። ከሰው እጅ መቀበል የለመደ ጦጣ ሰው ሲከለክለው ይናከሳል፤ ከዚያ ይገደላል። የገደለው ቦርሳውን ከፍቶ ያበላው የመጀመሪያው ሰው ነው።

አብሮ መኖር ይቻላል የሚሉት ምኞተኞች ናቸው ወደሚለው ልምጣ። ጸሐፊው የጨዋታውን ሕግ ራሱን ረስተዋል። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ሥራ ላይ ባለው የጎልፍ ደንብ መሠረት እንስሳ በቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ የገባች ኳስ ያለ ቅጣት ትነሳለች። ኩስ እንደ ወደቀ ቅጠል የሚጠረግ ነገር ነው። የቆመችን ኳስ እንስሳ ካንቀሳቀሳት ያለ ቅጣት ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። መርዘኛ እባብ፣ ንብ ወይም አዞ አጠገብ ያረፈች ኳስም ያለ ቅጣት ወደ አስተማማኝ ቦታ ትዛወራለች። ደንቡን የጻፉት ሰዎች እንስሳ በሜዳው ላይ እንደሚኖር አውቀው ነው የጻፉት። በኡጋንዳ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ባለው የጂንጃ ጎልፍ ሜዳ፣ ኳስ ጉማሬ ረግጦ በተወው ኮቴ ውስጥ ከገባች ያለ ቅጣት እንድትነሳ የሚፈቅድ የቦታው ደንብ አለ። በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ግዛት በአንግልሲ ጎልፍ ክለብ ካንጋሮዎች ፌርዌዩ ላይ ይውላሉ፤ የሜልበርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለዓመታት አጥንተዋቸዋል፤ ቁጥራቸው እንዳይበዛም ከቆዳ ሥር የሚቀበር የወሊድ መቆጣጠሪያ ተሞክሮባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1991 የተጀመረው ኦዱቦን ኢንተርናሽናል የተባለው የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት መርሐ ግብርም የጎልፍ ሜዳዎችን ለዱር እንስሳት መጠለያ እንዲሆኑ እየመዘነ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። እነዚህን ሁሉ የሚያስተዳድሩት ሠራተኛ የሚቀጥሩ፣ ሒሳብ የሚያወራርዱ፣ ተጫዋች የሚያስተናግዱ ሰዎች ናቸው።

አብሮ መኖር ማለት ፈጽሞ አለመግደል ማለት እንዳልሆነም እቀበላለሁ። በእብድ ውሻ በሽታ የተያዘ እንስሳ መወገድ አለበት። የዱር አሳማ ሰው አምጥቶ በለቀቀባቸው በአሜሪካና በአውስትራሊያ ከጎልፍ ሜዳ አልፎ የተፈጥሮ ደንን ያወድማል፤ እዚያ በሕግና በባለሙያ እጅ የሚደረገውን ቅነሳ አልቃወምም። ሰው ያጠቃ አዞም ተጫዋች በሚያልፍበት ኩሬ ውስጥ አይተውም። በእነዚህ ጉዳዮች ውሳኔው የዱር እንስሳት ባለሙያ ነው፤ የሣር ማጨጃ መኪና የሚነዳ ሠራተኛ በኪሱ ይዞት የሚዞር መርዝ መልስ አይሆንም።

ጸሐፊውን አንድ ነገር በትሕትና እጠይቃለሁ። ሌላውን ምላሼን ቢቀበሉም ባይቀበሉም፣ መርዙን በጎሬዎቹ አፍ ላይ መበተንን የሚመክረውን አንቀጽ ከጽሑፋቸው ያውጡት፤ ያነበበው ሰው ሳይውል ሳያድር ይሠራበታልና። በምትኩ ሠላሳ በሠላሳ ሳንቲ ሜትር ቆርጦ እጭ መቁጠርን ይጻፉለት።